ቴሌቪዥኑ ከግድግዳው ወዲያ

ሰሞኑን ልጅ ያለው ሰው ባገኘኝ ቁጥር ወሬው አንድ ነው። «እርስዎ አስተማሪ አልነበሩ? እስቲ ይምከሩልን፤ ልጆቹ መጽሐፍ አንነካም አሉ፣ ዓይናቸው ስልኩ ላይ ተተክሎ ቀረ» ይሉኛል። አንዷማ የልጇን ስልክ ቀምታ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ደብቃው ኖሮ፣ ልጅ ሆዬ በእህቱ ስልክ ደውሎ በጩኸቱ አገኘው አሉ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ እሰማለሁ። ከዚያ ደግሞ ያቺ የማልወዳት ጥያቄ ትከተላለች። «እርስዎማ በልጅነትዎ መጽሐፍ ከእጅዎ አይለይም ነበር አሉ፤ እንዴት አድርገው ቢያሳድጉዎት ነው?»

እንዴት አድርገው ቢያሳድጉኝ! ምን ብዬ ልመልስ? «ብቻዬን ሆኜ ነው» ብል ደስ አይላቸውም፤ ምክር ነው የፈለጉት። ስለዚህ «እንጃ፣ እግዜር ያውቃል» ብዬ አልፋለሁ። እንዲህ ብዬ ባለፍኩ ቁጥር ግን ሆዴ ውስጥ የሚቀር ነገር አለ፤ ዛሬ እሱን ላውራው።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ደብረ ብርሃን። እኔና እናቴ የምንኖረው በአንድ ረጅም የቀበሌ ቤት ግማሽ ላይ ነበር። ሌላኛው ግማሽ የእትዬ ነው። እትዬ የምላቸው ጎረቤታችንን ነው፤ ግቢው በሙሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። መካከላችን ያለው የጭቃ ግድግዳ ጣሪያው ድረስ አይደርስም፣ ኮርኒስ የሚባልም የለም። እነሱ ቤት ያስነጠሰን ሰው እኛ ቤት ሆኖ «ይማርህ» ማለት ይቻል ነበር።

አባቴ ሰሜን ዘምቷል። እናቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች፤ የያዘችው የከሰዓቱን ተራ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ ሄዳለች፤ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ በፋብሪካው መኪና ስትመለስ እኔ ተኝቻለሁ። ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ። ራቴ ተከድኖ ይጠብቀኛል፤ እናቴ አንድም ቀን ባዶ ቤት ትታልኝ አልሄደችም። የቸገረኝ እንጀራ አልነበረም፣ ሰው ነው የቸገረኝ። የደብረ ብርሃንን ምሽት የሚያውቅ ያውቀዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርዱ በበር ሥር ይገባል፣ ሰው ሁሉ በሩን ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። እኔ አልጋ ላይ ወጥቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ እነእትዬ ቤት ሲስቁ አዳምጣለሁ።

እትዬ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል። ሱፍ እየፈተሉ ለበርኖስ ሠሪዎች ይሸጣሉ። ትልቁ ልጃቸው የአሰብ መስመር ሹፌር ነው። ከሱ በታች የኔ እኩያ የሆነች ሴት ልጅ አለቻቸው፣ ከሷ በታች ደግሞ ወንዶቹ ተከታትለዋል። ቤታቸው ሁልጊዜ ሙሉ ነበር፤ የግቢው ልጅ ሁሉ ማምሻውን እዚያ ነው የሚያመሸው። ታዲያ እኔስ ለምን አልሄድም? እዚህ ላይ ነው የእናቴ ነገር የሚመጣው።

እናቴ የአንኮበር የቄስ ልጅ ናት። በልጅነቷ የተማረችውን ሥርዓት ከአገሯ ከጎረቤላ እስከ ደብረ ብርሃን ተሸክማው መጥታለች። በራት ሰዓት ሰው ቤት መግባት ለእሷ ከስርቆት ቀጥሎ የሚመጣ ኃጢአት ነበር። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!» ትለኛለች። «የሰው መሶብ ሲከፈት ቆሞ የሚያይ ልጅ የኔ ልጅ አይደለም።» በሥራ ከተላክሁ እሺ፤ ዕቃ ልመልስ፣ እሳት ልጫር፣ መልእክት ላድርስ፣ ግድ የለም። ባዶ እጄን፣ እንዲሁ ለመቀመጥ ብቻ? እንዴት ተደርጎ!

መጽሐፉ የገባው በዚህ መሐል ነው። አንድ ቀን ወንፊታቸውን ልመልስ ስሄድ የእትዬ ልጅ የቤት ሥራዋን እያነበበች ኖሯል፤ እያንዳንዱን ፊደል እየነቀለች ስታነብ ትዕግሥቴ አልቆ መጽሐፉን ቀማኋትና አንበለበልኩት። የእትዬ እንዝርት አየር ላይ ቆመ። «እስቲ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። «ይቺ ልጅ ምላሷ ቅቤ ነው! በይ እንግዲህ፣ ነገ ከቀበሌው ንባብ ቤት የተረት መጽሐፍ አምጥተሽ ታነቢልናለሽ። መብራቱ ከኔ፣ አፉ ካንቺ» አሉ።

ለእናቴ ስነግራት አሰበችና፣ «ሥራ ከሆነ ጥሩ» አለች። ሥራ ከሆነ! በቃ፣ ፈቃድ ተገኘ።

ከዚያ ወዲያ ምሽቴ ሌላ ሆነ። ንባብ ቤቱ ውስጥ ከሩሲያ የመጡ፣ በአማርኛ የተተረጎሙ የልጆች መጻሕፍት ነበሩ፤ ሥዕላቸው ያማረ፣ ወረቀታቸው ወፍራም። ማንም አይነካቸውም፤ ኃላፊው አንዱን ስጠይቀው ደንግጦ አቧራውን በክንዱ ጠርጎ ሰጠኝ። እትዬ ቤት ከአምፖሉ ሥር አንድ ትልቅ ሣጥን ነበር፤ ብርሃኑ ደህና የሚደርሰው እዚያ ስለሆነ ሣጥኑ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ። ልጆቹ ከታች አጎዛ ላይ ይደረደራሉ፣ እትዬ ይፈትላሉ። መጽሐፉ ውስጥ ያለው በረዶ ለደብረ ብርሃን ልጅ ብርቅ አልሆነበትም። የመጽሐፉ ሽማግሌ የጠፋች ፈረሱን ፍለጋ ወጥቶ በረዶ ሆኖ በረጋ ወንዝ ላይ ሲራመድ፣ «ወንዝ ላይ ይቆማል እንዴ? ውሸት ነው!» ብለው ተነሱብኝ። እትዬ ናቸው የገላገሉኝ። «ምን ውሸት አለው? የኛ በሬሳ ወንዝም እኮ በኅዳር ጠዋት ዳር ዳሩ ይጋገራል፤ የነሱ አገር ደግሞ ከኛ ይብሳል ማለት ነው። ዝም ብላችሁ ስሙ!»

መሶብ ሲቀርብ መጽሐፌን አጥፌ ብድግ እላለሁ፤ የእናቴ ልጅ አይደለሁ? እትዬ ቀሚሴን ይዘው ያስቀምጡኛል። «ቁጭ በይ! የእጅሽን ነው የምትበዪው።» የእጄን መሆኑ ልቤን ሞላው። ለማኝም፣ እንግዳም አልነበርኩም። እዚያ ቤት ሥራ ነበረኝ።

ማንም እንዳይሳሳት። መጽሐፍ ወዳድ ስለሆንኩ አልነበረም። መጽሐፉ ያን በር የሚከፍትልኝ ቁልፍ ነበር፣ አለቀ። ድንጋይ ይዘሽ ነይ ቢሉኝ ድንጋይ ይዤ እሄድ ነበር።

ውርጩ በጀመረ ሰሞን የእትዬ ትልቁ ልጅ ከአሰብ ሲመለስ አንድ ነገር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከመኪናው አወረደ። ግቢው በሙሉ ወጣ። ቴሌቪዥን! ከተማው ውስጥ እንዳለ ሰምተናል፣ በአንድ ሁለት ሰው ቤት መስኮትም ተንጠራርተን አይተናል፤ እኛ ግቢ ግን እንደሚገባ ማን አሰበ። ወዲያው ረጅም ባሕር ዛፍ ተቆርጦ አንቴናው ጫፉ ላይ ታሰረ። ሲመሽ እኔም እንደ ወትሮው መጽሐፌን ሹራቤ ውስጥ ሸጉጬ ሄድኩ። ሽማግሌውን ያቆምነው ወንዙ መሐል ላይ ነበር፤ በረዶው ከእግሩ ሥር መሰንጠቅ ጀምሯል። ቀኑን ሙሉ ስለሱ ሳስብ ነው የዋልኩት፤ ገጹን ገልጬ እንዳላይ ራሴን ከልክዬ፣ ከልጆቹ ጋር እኩል ልደነግጥ።

ስገባ ቴሌቪዥኑ ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። እኔ የምቀመጥበት ላይ፣ ከሥሩ ዳንቴል ተነጥፎለት። ቤቱ ውስጥ እግር ማሳረፊያ የለም። ውጭ አንዱ ልጅ ብርድ ላይ ቆሞ ባሕር ዛፉን ያዞራል። «አሁንስ?» ይላል። «መጣ! መጣ! … ኧረ ሄደ፣ መልሰው!» ይጮኻሉ ከውስጥ። በመጨረሻ መስታወቱ ላይ ዝናብ የሚመስለው ነገር ጠራና የአንድ ሰውዬ ፊት መጣ። ኮት ለብሷል፣ ፊት ለፊቱ ወረቀት ይዞ ስለ ምርት ያነባል። ያ ሁሉ ልጅ ጸጥ! አንድ ቀን እንኳ ለኔ እንደዚያ ጸጥ ብለው አያውቁም፤ እኔ ሳነብ ይገፋፋሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ። ሰውዬው እኮ እንደኔው እያነበበ ነው! ያውም የሚያነበው ነገር አይጥምም! እኔ እዚያ ቆሜ በኮት ለባሽ ሰው ቅናት አረርኩ፤ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፣ ያን ቀን ግን አላሳቀኝም።

እትዬ ከሰው መሐል አንገታቸውን አውጥተው አዩኝ። «መጣሽ የኔ ልጅ? ዛሬ እንኳ እረፊ፣ ጉሮሮሽም ይረፍ» አሉኝ። በደግነት ነው ያሉት። እኔ የሰማሁት ግን ሥራሽ አብቅቷል የሚል ነው። ትንሽ ቆሜ፣ ማንም ሳያየኝ ወጣሁ።

በነጋታው ጠዋት ለእናቴ ነገርኳት። ፀጉሬን እየሠራችኝ ነበር፤ እጇ ቆመ። «አንብቢልን አላሉሽም?»

«አላሉኝም። እረፊ አሉኝ።»

«እንግዲህ እስኪጠሩሽ ድረስ እንዳትሄጂ።»

«ቴሌቪዥን ለማየትስ?»

«ድሮ ሥራ ይዘሽ ነበር የምትሄጂው። አሁን ምን ይዘሽ ልትሄጂ ነው? ዓይንሽን? የሰው ደጅ ልትጠኚ?» አለችና ሹሩባውን አጥብቃ ጎነጎነችው። «ከፈለጉሽ ይጠሩሻል። ግድግዳው ቅርብ ነው።»

ግድግዳው ቅርብ ነው። እውነቷን ነው፤ ችግሩም እሱ ነበር። ያን ማታ ሹራቤን ለብሼ፣ መጽሐፌን ይዤ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። የዜናው ሙዚቃ ተሰማ። «አንቴናውን አዙረው» የሚለው ጩኸት ተሰማ። የእትዬ ሳቅ ተሰማ፤ ያ ከደረት የሚመጣው ሳቃቸው። ስሜን ግን የጠራ የለም። በማግሥቱም እንዲያው። በሳምንቱም እንዲያው። መጀመሪያ ላይ ዛሬ ረስተው ነው እላለሁ፤ ኋላ ማለትም ተውኩ። ከሁሉ ይልቅ የቆጨኝ አንድም ልጅ «ሽማግሌውስ ምን ሆነ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። ሰው ወንዝ መሐል ትተው እንዴት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል?

ብቻዬን ላነበው ሞከርኩ። ድምፄን አውጥቼ ጀመርኩ፤ ባዶ ክፍል ውስጥ የገዛ ድምፄ አስፈራኝ። እንደ እብድ መሰልኩ። ዘጋሁት።

ጠዋት ጠዋት ቦኖ ስንሄድ ከእትዬ ሴት ልጅ ጋር እንገናኛለን። አንድ ቀን ጀሪካኗን ከኔ ጀሪካን ኋላ አስቀምጣ፣ «ምነው ማታ ማታ ጠፋሽ?» አለችኝ።

እዚያ ላይ እውነቱን ብናገር ኖሮ! ግን ምን ይባላል? «አልጠራችሁኝም» ይባላል? ጥሩኝ ተብሎ ይለመናል? እናቴ ብትሰማ አፈር ነበር የምትገባው። «ጥናት በዝቶብኝ ነው» አልኳት፣ ኮራ ብዬ። «እህ» አለች። ውኃችንን ቀድተን ተለያየን።

በዚያው ማታ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ቀነሰ። በፊት ቃል በቃል ይሰማኝ የነበረው ሁሉ ማጉረምረም ብቻ ሆነ። ልጆቹም መንሾካሾክ ጀመሩ፤ አንዱ ሳቁ ሲያመልጠው ሌላው «እሽሽ!» ይለዋል። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፣ ጋዜጣ የተለጠፈበት ግድግዳ፤ ምንም። በሩን ዘግተውብኝ አልበቃ ብሏቸው ድምፁን እንኳ ነፈጉኝ አልኩ። ያን ምሽት ነው በጋቢ ተሸፍኜ ከልቤ ያለቀስኩት፤ እኔም እንዳይሰሙኝ እየተጠነቀቅሁ።

አንድ ማታ፣ ገና ራት ሳይደርስ፣ መብራት ጠፋ። ከተማው በሙሉ ጨለመ። ከወዲያ «ውይይይ!» የሚል የልጆች ጩኸት ተሰማ። የኔ ልብ ግን ዘለለች። አሁን! አሁን ይጠሩኛል! በዳሰሳ ክብሪት ፈልጌ ኩራዜን አበራሁ። ሹራቤን ለበስኩ፣ ፀጉሬን ዳሰስኩ፣ መጽሐፉን ያቆምንበት ገጽ ላይ ገለጥኩት፤ ሲጠሩኝ ተነስቼ ለመሮጥ ነው። ወዲያውም ትንሹ ልጅ፣ «እማዬ፣ እሷን እንጥራት! ታንብብልን!» ሲል በግልጽ ሰማሁ።

እትዬ መለሱለት። «ተው! መብራቷን አታይም?»

«ኧረ እማዬ …»

«ተው ብያለሁ!»

ከዚያ እሳት ዳር እንቆቅልሽ መጫወት ጀመሩ። እኔ ኩራዜን ይዤ ቆምኩ። መብራቷን አታይም ማለት ምን ማለት ነው? መብራት ባበራ ምን አጠፋሁ? ስንት ዓይነት ክፉ ትርጉም እንደሰጠሁት አልነግራችሁም። መብራቱ ሲመጣና ቴሌቪዥኑ ማጉረምረሙን ሲቀጥል እኔ አሁንም ከነሹራቤ ቆሜያለሁ።

እንግዲህ መጽሐፉን ያን ማታ ነው የጨረስኩት። ድምፅ ሳላወጣ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ፣ በዓይኔ ብቻ። ከዚያ በፊት እንደዚያ አንብቤ አላውቅም፤ ማንበብ ማለት ለኔ ለሰው ማንበብ ነበር። ሽማግሌው ወንዙን ተሻገረ፣ ፈረሱንም አገኘ፤ ደስ አላለኝም፣ ደስታውን የምነግረው ስላልነበረ። በማግሥቱ ሌላ መጽሐፍ አመጣሁ፤ ከዚያ ሌላ። የንባብ ቤቱን መደርደሪያ ዳር እስከ ዳር ጨረስኩት፤ ቀጥሎ ለትልልቅ ሰዎች የተጻፈውን፣ ስለ ትራክተርና ስለ ኅብረት ሥራ የሚያወራውን ሳይቀር። መምህራኖቼ «ድንቅ አንባቢ» ሲሉ እናቴ ትኮራለች። ዛሬም ሰው ያመሰግነኛል። እኔ ግን ያን ጊዜ አንድ ሰው «ነይ» ቢለኝ መጽሐፉን ሁሉ እሳት ውስጥ ጨምሬው እሮጥ ነበር።

ለዚህ ነው ልጆች በስልክ ምክንያት ማንበብ ተዉ ሲሉኝ ቶሎ የማልፈርደው። ልጁ ስልኩን የያዘው ምን ፈልጎ ነው? እስቲ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አለ? እናት በስልኳ፣ አባት በስልኩ። «አንብብ» ይሉታል እንጂ «እስቲ አንብብልኝ» የሚለው አላየሁም። ነገር አበዛሁ መሰለኝ፤ ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

በዚያ በጋ እናቴና እትዬም ሰላምታቸው እያጠረ መጣ። ድሮ ጠዋት ፀሐይ እየሞቁ ረጅም ሰዓት ያወራሉ፤ አሁን «እንዴት አደሩ»፣ «እግዜር ይመስገን»፣ አለቀ። እናቴ፣ «ቴሌቪዥን ያለው ሰው ጎረቤት ምን ያደርግለታል» ትላለች። እትዬ ቤት ደግሞ ምን ይባል እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት፤ «እነሱ ኮሩብን፣ ልጂቱ ከተማረች ወዲህ ናቁን» ይባል ነበር አሉ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የእትዬ ትልቁ ልጅ ኮምቦልቻ ቤት አገኘ፤ እናቱንና ታናናሾቹን ሊወስድ መጣ። እንደሚሄዱ የሰማነው ከሌላ ሰው ነው። የሚጫኑበት ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች፤ ሰው ሲሄድ ቤት መቀመጥ ነውር ነው። እኔም ተከተልኳት። ዕቃ ስናቀብል ዋልን፤ አጎዛው ወጣ፣ መሶቡ ወጣ፣ ሣጥኑ ወጣ። ቴሌቪዥኑን የእትዬ ሴት ልጅ ጋቢና ገብታ ጭኗ ላይ ታቀፈችው። እትዬ የሁሉንም ጉንጭ ስመው ወደኔ መጡ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ መዳፋቸው የሱፍ ሽታ ነበረው።

«እኔ ምን በድዬሽ ነው ቤቴን የረሳሽው?» አሉኝ።

«አልጠሩኝም እኮ፣ እትዬ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አልጠሩኝም እኮ።»

ከዚያ እጃቸው ከፊቴ ላይ ወረደ። «ውይ ልጄን! ውይ እኔ ልሙት! ልጅ ይጠራል እንዴ? የሚጠራ እንግዳ ነው! ልጆቼን ማታ ማታ እየጠራሁ ነው የማስገባው? አንቺን ብጠራ እኮ ባዕድ ማድረጌ ነው!» አሉ። «ጥናት በዛባት አለችኝ ልጄ፤ እንዳንረብሽሽ ብዬ ያን ጉድ ድምፁን እያስቀነስኩ፣ ልጆቹን አፋቸውን እያስያዝኩ! መብራት ሲጠፋ እንኳ ኩራዝሽ ከግድግዳው በላይ ሲታየኝ ታጥና፣ ተዉአት እያልኩ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «ራትሽንም ሳነሳልሽ ነው የከረምኩት። ትመጣለች ብዬ። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ይበሉታል።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። እትዬ ወደሷ ዞሩ። «አንቺስ ብትሆኚ ምነው አንድ ቀን ብትጠይቂኝ? ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማሽም?»

«እኔማ እስኪጠሯት ብዬ …» አለች እናቴ። «እርስዎስ አንድ ቀን በግድግዳው ቢጣሩ ምን ነበረበት?»

«የቤት ልጅ!» ብለው ጮኹ እትዬ። «የቤት ልጅ!» ሁለቱ ተቃቅፈው፣ እየተወቃቀሱ፣ ተላቀሱ። መኪናው ጥሩምባውን ነፋ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሰው ይጠብቃል። እትዬን ደግፈው አወጧቸው። እስኪታጠፉ ድረስ እጃቸውን ከመስኮቱ አላስገቡም።

የእትዬን ቤት ቀበሌው ለአንድ ባልና ሚስት ሰጠው። ከመዘዞ በኩል የመጡ ናቸው፤ ሴትየዋ ወጣት ናት፣ ጨቅላ አላት። ቴሌቪዥን የላቸው፣ ሬዲዮ የላቸው፤ ማታ ማታ ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማው የልጁ ለቅሶና የእሷ እሹሩሩ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት በዋልኩበት አንድ ቀን እናቴ ለሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች።

«ዛሬ ሲመሽ እዚያ ሄደሽ ግቢ» አለችኝ፣ በአገጯ ወደ ግድግዳው እያመለከተች።

«ምን ይዤ?»

«ምንም።»

«ሳልጠራ?»

«ሳትጠሪ። ሰው አይደለሽ? ግቢ በቃ» አለች፤ ፊቷን ግን አላሳየችኝም፣ ወዲያው ወጣች።

ሲመሽ ሄድኩ። እትዬ ቤት አንኳኩቼ ገብቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አንኳኳሁ። ሴትየዋ ልጇን ታቅፋ በሩን ገርበብ አደረገችው። ፊቷ ክፉ አልነበረም፤ የደከማት ሰው ፊት ነው። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ከኋላዬ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነም አየች።

«ማንን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ።

እናቴ ለዚህ የሚሆን ቃል አላስተማረችኝም።

«ማንንም» አልኳት። እሷ በሩን መለሰችው፣ እኔም ቤቴ ገብቼ የኛን በር ዘጋሁ።